የአየርላንዳውያን በገና፤ የከበረው ምልክትና የተረሳው ድምፅ

በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን በኪሳቸው ያለውን የዩሮ ሳንቲም አገላብጠው ቢመለከቱ፣ አንዳንድ ጊዜ በአንደኛው ገጽ ላይ በገና የሚመስል መሣሪያ ተቀርጾ ያገኛሉ። ያ ሳንቲም የአየርላንድ ነው። ይኸው መሣሪያ በአገሪቱ ፓስፖርት ሽፋን፣ በመንግሥቱ ማኅተም፣ በሚኒስቴሮቹ ደብዳቤ ራስጌና በርእሰ ብሔሩ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ይታያል። ብዙዎቹ መንግሥታት ለዓርማቸው አንበሳን፣ ንስርን፣ ሰይፍን ወይም ዘውድን ሲመርጡ፣ አየርላንዳውያን የመረጡት የዜማ ዕቃ ነው።

ይህን ርእስ ለዚህ እትም የመረጥነው ስለ ዓርማው ውበት ለመናገር ብቻ አይደለም። የአየርላንድ በገና ታሪክ፣ በስደት ለምንኖር ሁሉ የሚጠቅም አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። አንድ ሕዝብ አንድን ነገር የማንነቱ ምልክት አድርጎ ሲያከብረው፣ ነገሩ ራሱ በሕይወት ይቆያልን? ወይስ ምልክቱ ሲከብር ነገሩ ሊጠፋ ይችላል? መልሱን ከታሪኩ እንመልከት። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙና ስለ አሠራሩ

በመጀመሪያ ስሙን ማስተካከል ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው «ሃርፕ» የሚለውን እኛ ዘወትር «በገና» ብለን እንተረጉመዋለን፤ ፈረንጆቹም የእኛን በገና «የንጉሥ ዳዊት ሃርፕ» ይሉታል። የታወቁት በገና ደርዳሪ የዓለሙ አጋ ሥራ በፈረንሳይ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲወጣ የተሰጠው ስም ይኸው ነበር። ሆኖም ሁለቱ መሣሪያዎች በአሠራር ይለያያሉ። በእኛ በገና ሁለት ምሰሶዎች ከገበቴው ተነሥተው ቀንበሩን ይሸከማሉ፤ ዐሥሩ አውታሮችም ከቀንበሩ ወርደው፣ በብርኩማው ላይ አልፈው፣ ከቆዳው ጋር ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። የሙዚቃ ሊቃውንት በገናንና ክራርን «ላየር» በሚባለው ወገን የሚመድቧቸው ስለዚህ ነው። የአየርላንዱ ግን ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። አውታሮቹ ከድምፅ ሣጥኑ ከራሱ ወጥተው ሽቅብ ወደ አንገቱ ይወጣሉ፤ አንገቱንና ሣጥኑንም ከፊት ያለው ቅስት ምሰሶ ደግፎ ይይዛቸዋል። በአገሩ ቋንቋ ስሙ «ክላርሻኽ» ነው።

ነገር ግን ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ሁለቱ ይቀራረባሉ። በአየርላንድ ገዳማት በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት የቆሙ ከድንጋይ የተጠረቡ ታላላቅ መስቀሎች አሉ። በካስልደርሞትና በዱሮው ባሉት መስቀሎች ላይ ቅዱስ ዳዊት ተቀምጦ ሲደረድር ተቀርጿል። በእጁ የያዘው ግን ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሃርፕ ሳይሆን የላየር ወገን መሣሪያ ነው። «ክሪት» የሚለው የአየርላንድ ጥንታዊ ቃልም መጀመሪያ የሚያመለክተው ይህንኑ እንደ ነበረና በኋላ ወደ ሃርፑ እንደ ተላለፈ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። እንግዲህ የእነዚያ ገዳማት ጠራቢዎች ለዳዊት የሰጡት መሣሪያ፣ ከዛሬው የአየርላንድ ዓርማ ይልቅ ለእኛ በገና የቀረበ ዘመድ ነው። ከዚህ በኋላም «የአየርላንድ በገና» ብንል ይህን ልዩነት እያሰብን ነው።

በመሳፍንት አዳራሽ

በመካከለኛው ዘመን የአየርላንድ በገና ደርዳሪ የመሳፍንት ቤተኛ ነበር። ባለቅኔው ግጥሙን ይደርሳል፤ ሌላ ሰው ግጥሙን በቃሉ ያነበንባል፤ ደርዳሪውም ንባቡን በበገናው ያጅባል። መስፍኑ መሬትና ቀለብ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም የዘሩን ታሪክና ዝናውን ይጠብቁለታል። በ1185 ወደ አየርላንድ የሄደው ጄራልድ ዘዌልስ የተባለው ካህን ስለ አገሩ ሰዎች ብዙ ክፉ ነገር ጽፏል። ስለ መሣሪያ አያያዛቸው ግን ካየው ሕዝብ ሁሉ የሚበልጡ መሆናቸውን ሳይሸሽግ መስክሮላቸዋል። የማይወድ ሰው የሰጠው ምስክርነት ክብደት አለው።

መሣሪያው የራሱ ጠባይ ነበረው። የድምፅ ሣጥኑ ከአንድ ወጥ የአኻያ ግንድ ይቦረቦራል። አውታሩ እንደ እኛ በገና የበግ አንጀት ሳይሆን የናስ ሽቦ ነው። ደርዳሪው መሣሪያውን በግራ ትከሻው ላይ ያስደግፋል፤ ቀጭኑን ድምፅ በግራ እጁ፣ ወፍራሙን በቀኝ እጁ፣ ባሳደገው ጥፍሩ ይነካል። የናስ አውታር አንድ ጊዜ ከተነካ ድምፁ እንደ ደወል ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ ጥበቡ አውታሩን በመንካት ብቻ ሳይሆን የትኛውን ዝም ማሰኘት እንደሚገባ በማወቅም ነው። ከመካከለኛው አውታሮች ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲሰጡ ይቃኙና «እኅትማማቾች» ይባሉ ነበር፤ ቅኝቱም የሚጀመረው ከእነርሱ ነው።

ከዚያ ዘመን እስከ እኛ የደረሱት ሦስት በገናዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱ በስኮትላንድ በኤዲንብራ ሙዚየም ይገኛሉ። ሦስተኛው በደብሊን የሥላሴ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ያለው ነው። ሕዝቡ ይህን በ1014 በክሎንታርፍ ጦርነት የሞተው የንጉሥ ብራያን ቦሩ በገና ነው ይለዋል። በጥናት የተገመተው ዕድሜው ግን ከ14ኛው ወይም ከ15ኛው መቶ ዓመት አያልፍም። ትውፊቱ ባይጸናም፣ ዛሬ በሳንቲሙና በፓስፖርቱ ላይ የሚታየው ቅርጽ የተወሰደው ከዚህ መሣሪያ ነው።

ምልክቱ ሲወጣ፣ ደርዳሪው ሲወርድ

የታሪኩ እጅግ አሳዛኝ ክፍል እዚህ ላይ ነው። በገናውን በሳንቲም ላይ በማውጣት የአየርላንድ ምልክት ያደረጉት የእንግሊዝ ነገሥታት ናቸው። ሄንሪ 8ኛ በ1534 ለአየርላንድ ባስመታው የብር ሳንቲም ላይ ዘውድ የጫነ በገና አሠራ። በ1541 የአየርላንድ ንጉሥ ተባለ። በ1603 የነገሠው ጀምስ 1ኛም በገናውን በንጉሣዊው ዓርማ ሩብ ላይ አስገባው። እስከ ዛሬም በእንግሊዝ ንጉሣዊ ዓርማ ላይ አለ።

በዚያው ዘመን ደርዳሪውን ያኖሩት የነበሩት መሳፍንት ወደቁ። በ1601 በኪንሴል ተሸነፉ። በ1607 የሰሜኑ ታላላቅ መሳፍንት ኦኒልና ኦዶኔል ከነቤተ ሰባቸው በመርከብ ተሳፍረው ወደ አውሮፓ ተሰደዱ። በ1650ዎቹ ደግሞ የቀረው ርስት በክሮምዌል ዘመን ተወረሰ። ደርዳሪውን የሚቀልብ አዳራሽ ጠፋ። በገናው በንጉሡ ሳንቲምና ዓርማ ላይ ከፍ ሲል፣ በገና ደርዳሪው በየመንገዱ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የበገና ሙያ የዐይነ ስውራን መተዳደሪያ ሆነ። ፈንጣጣ ዐይኑን ያጠፋበት ልጅ ሌላ ሥራ ስለማይኖረው በገና ይማራል፤ ፈረስና መሪ ተሰጥቶት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ከእነዚህ ሁሉ ዝነኛው በ1670 ተወልዶ በ1738 የሞተው ተርሎ ኦካሮላን ነው። በ18 ዓመቱ ዐይኑን ካጣ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሲዞር ኖረ፤ ለሚያስተናግዱትም ቤተ ሰቦች ዜማ ይደርስላቸው ነበር። ወደ 200 የሚጠጉ ዜማዎቹ ዛሬም አሉ። እነዚህ ሰዎች ያስተማራቸውን መምህር ጣት በዐይናቸው አላዩም። ሁሉን የተቀበሉት በጆሮና እጅን በእጅ በመያዝ ነበር።

የቤልፋስት ጉባኤ

በሐምሌ ወር 1792 በቤልፋስት ከተማ የተረፉት ደርዳሪዎች ተሰብስበው እንዲደረድሩ ጥሪ ተደረገ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ሐኪም ጀምስ ማክዶኔል፣ በልጅነቱ አርተር ኦኒል ከተባለው ዐይነ ስውር በገና የተማረ ሰው ነበር። ከመላው አየርላንድ የመጡት ዐሥር ብቻ ነበሩ። ከዐሥሩ ስድስቱ ዐይነ ስውራን ነበሩ፤ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ከሁሉ ሽማግሌው ዴኒስ ሄምፕሰን 97 ዓመት እንደ ሆናቸው ይነገርላቸው ነበር። በጥንቱ ሥርዓት በጥፍራቸው የሚደረድሩትም እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

የሚደረደረውን እንዲጽፍ የታዘዘው ኤድዋርድ ባንቲንግ የሚባል የ19 ዓመት ኦርጋን መቺ ነበር። ባንቲንግ በጉባኤው የሰማውን ጻፈ፤ በዚያም አላበቃም። ሄምፕሰንን እስከ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጠየቃቸው፤ በየገጠሩም እየዞረ ዜማ ሰበሰበ። በ1796፣ በ1809 እና በ1840 ሦስት መጻሕፍት አሳተመ። ዛሬ ስለ ጥንቱ የአየርላንድ በገና ከሚታወቀው ብዙው ከዚህ ወጣት ብዕር የተገኘ ነው።

ሆኖም ብዕሩ ያላዳነው ነገር አለ። ባንቲንግ ዜማዎቹን ለፒያኖ እንዲስማሙ አድርጎ አሳተማቸው። ዜማው ተረፈ፤ የሄምፕሰን ጣቶች አውታሩን እንዴት ይነኩት፣ እንዴትስ ዝም ያሰኙት እንደ ነበር ግን በጥቂቱ ብቻ ተመዘገበ። ሄምፕሰን በ1807 ሲሞቱ ያ የጥፍር አደራረድ አብሮ ወደ መቃብር ወረደ ማለት ይቻላል። በቤልፋስት ለዐይነ ስውራን ልጆች የበገና ትምህርት ቤት በ1808 ተከፍቶ አርተር ኦኒል አስተማሩበት፤ ነገር ግን በ1813 ተዘጋ። በ1819 እንደገና ተከፍቶ በ1839 ፈጽሞ ቆመ።

በዚያው ጉባኤ ሰሞን ቤልፋስት የነበረ አንድ ሌላ ሰው አለ። እርሱም የተባበሩት አየርላንዳውያን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ዎልፍ ቶን ነው። ማኅበሩ በ1791 ሲቋቋም ማኅተሙን በገና አደረገ። ዘውዱን ግን ከላዩ አነሣው። በገናው አዲስ አውታር እንደ ተተከለለትና ድምፁም እንደሚሰማ የሚገልጽ መሪ ቃልም ጻፈበት። ቶን ግን ደርዳሪዎቹን በሰማበት ዕለት መሰልቸቱንና ጫጫታቸው እንዳስመረረው በማስታወሻው አስፍሯል። በገናን ለነጻነት ዓርማ ያደረገ ማኅበር መሪ፣ እውነተኛው በገና ሲደረደር ለመስማት ትዕግሥት አላገኘም። ቶንን ለመንቀፍ አይደለም ይህን ያነሣነው፤ ለአገሩ ብሎ በ1798 የሞተ ሰው ነው። ነገር ግን ምልክትን መውደድና ነገሩን መውደድ ሁለት መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም።

ምልክቱ በየአገሩ

19ኛው መቶ ዓመት የምልክቱ ዘመን ሆነ። ገጣሚው ቶማስ ሙር ከ1808 ጀምሮ ባወጣቸው መዝሙሮች ከባንቲንግ የወሰዳቸውን ዜማዎች በለንደንና በደብሊን ሳሎኖች አስተዋወቀ። ከዝነኞቹ አንዱ በታራ የነገሥታት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ዝም ብሎ ስለ ተሰቀለ በገና የሚናገር ነው። ጆን ኢጋን የተባለ የደብሊን ሠሪም ትንሽና ቀላል፣ የአንጀት አውታር ያለው፣ ለወይዛዝርት የሚመች አዲስ በገና ሠራ። ቅርጹ ጥንታዊውን ይመስላል፤ ድምፁና አያያዙ ግን ሌላ ነው።

በ1845 የድንች በሽታ ታላቁን ረኃብ አመጣ። አንድ ሚልዮን ያህል ሕዝብ ሞተ፤ ከዚያ የማያንስም ወደ አሜሪካና ወደ ሌላው ዓለም ተሰደደ። በገናውም በሰንደቅ ዓላማ ላይ ተስሎ አብሮ ተሰደደ። ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የአየርላንዳውያኑ ብርጌድ ወርቃማ በገና ያለበትን አረንጓዴ ሰንደቅ ይዞ ተዋጋ። በአገር ቤት ደግሞ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ በ1862 በገናን በጠርሙሱ ላይ ለጠፈ፤ በ1876ም የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበው። ነጻው መንግሥት በ1922 ሲቋቋም በገናን ማኅተሙ አደረገ፤ የመንግሥቱ በገና የሚዞረውም ከቢራው በገና በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ገጣሚው ዊልያም በትለር ዬትስ የመራው ኮሚቴ ያስመረጣቸውና በ1928 የወጡት ሳንቲሞች ሁሉ በአንድ ገጻቸው በገናን ያዙ። የአውሮፓ የጋራ ገንዘብ በ2002 ሲመጣም በገናው በቦታው ቀረ።

ስለ ሽማግሌው ስለ ሄምፕሰን መሣሪያ አንድ ቃል እንጨምር። በ1702 የተሠራው በገናቸው ከብዙ እጅ ካለፈ በኋላ በመጨረሻ በዚያው ቢራ ኩባንያ ተገዝቶ በደብሊን ለጎብኚዎች ታየ። በዕቃነቱ ተጠብቋል፤ መቶ ዓመት የደረደረው እጅ ግን ተከታይ ሳያገኝ ቀርቷል።

እጅን እንደገና ማስተማር

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ባልጻፍነውም ነበር። አየርላንዳውያን የጎደለውን ለመሙላት ተነሡ። በ20ኛው መቶ ዓመት በገዳም ትምህርት ቤቶች መነኮሳይያት ልጃገረዶችን ባለ አንጀት አውታሩን በገና አስተማሩ። በ1960 «የበገና ወዳጆች» የሚል ስም ያለው ማኅበር ተቋቋመ፤ መምህራንን አፈራ፤ የመማሪያ መጻሕፍትንም አሳተመ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ ጥቂት ሰዎች የናስ አውታሩንና የጥፍር አደራረዱን ፍለጋ ወደ ባንቲንግ ጽሑፎች ተመለሱ። በዚህ ፍለጋ ግንባር ቀደም ከሆኑት አን ሄይማን አሜሪካዊት ናት። ከባሕር ማዶ ሆኖ የጠፋን ነገር ማግኘት እንደሚቻል ይህ ምስክር ነው። እነርሱ ግን ከመጽሐፍ ላይ ጣት በጣት እየፈለጉ ዓመታት የፈጀባቸውን ነገር፣ አንድ ሕፃን ከሄምፕሰን ጎን ቢቀመጥ ኖሮ በቀላሉ በተማረው ነበር።

በታኅሣሥ 2019 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ የአየርላንድን በገና አደራረድ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስገባው። በዚያው ስብሰባ የእኛም የጥምቀት በዓል ተመዝግቧል። የተመዘገበው መሣሪያው አይደለም፤ ታቦቱ የሚያርፍበት ሜዳም አይደለም። የተመዘገበው ሰዎች የሚሠሩትና ለልጆቻቸው የሚያስተላልፉት ነገር ነው።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

በትውፊታችን በገና ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም እንደ መጣ ይነገራል። መኳንንቱም ካህናቱም በዐቢይ ጾም ይደረድሩት ነበር። ዛሬ በስደት አገር በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ በገና አለ። የት እንዳለ ግን እናውቃለን፤ ከግድግዳው ላይ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደ አንድ ወዳጃችን ቤት ለዝክር ሄደን ነበር። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያማረ በገና ተሰቅሏል፤ ከዐሥሩ አውታሮች ያሉት ስድስት ናቸው። በዚህ አገር የተወለደች ትንሽ ልጁ ወደ እኛ ጠጋ ብላ «አባባ፣ ይሄ ይጮኻል?» ስትል ጠየቀችን። አባቷ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። እኛም መልስ አልነበረንም። በወጣትነታችን ከአንድ አረጋዊ ደርዳሪ አጠገብ ብዙ ምሽት ተቀምጠናል። በዜማው ስንመሰጥ ጣቶቻቸው የት እንደሚያርፉ ልብ ብለን አላየንም፤ አስተምሩንም አላልናቸውም። አሁን በሕይወት የሉም።

በመዝሙር 136 እንደ ተነገረው፣ የተማረኩት ሰዎች በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የዜማ ዕቃቸውን በአኻያ ዛፍ ላይ ሰቀሉ። የሰቀሉት ስለ ኀዘናቸው ነው፤ ቀኝ እጃቸው ሥራዋን እንዳትረሳ ግን ይፈሩ ነበር። አየርላንዳውያን ከዚያው ከአኻያ እንጨት በገናቸውን ቀረጹ፤ ምልክቱን በወርቅና በብር ላይ ጠብቀው ሳለ እጃቸው ረሳች። እንደገና ለማስተማር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

የእኛ ነገር ገና አልመሸም። ባንቲንግ የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ የነበረውም ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው። የእኛ ወጣቶች በየኪሳቸው ድምፅና ምስል የሚቀርጽ ስልክ ይዘዋል። በየደብሩ በገና የሚያውቁ አባትና እናት ካሉ፣ ዜማቸው ብቻ ሳይሆን እጃቸው፣ ቅኝታቸው፣ እንዚራውን ከአውታሩ ሥር የሚያስተካክሉበት ስልት ጭምር ይቀረጽ። ከቀረጻውም በላይ አንድ ልጅ ከጎናቸው ይቀመጥ። አውታሩ የጎደለው በገና ከግድግዳው ይውረድና አውታር ይተከልለት። ምልክትማ አለን፤ ያቺ ሕፃን የጠየቀችን ግን ስለ ድምፁ ነው።